ሁለት ካሜራና አንድ የሐብሐብ እንግዳ

ብቻውን የሚኖር ሰው ከሁለት አንዱን ይሆናል፤ ወይ ይጸልያል፣ ወይ ዕቃ ይፈታታል። እኔ ዕቃ ከሚፈታቱት ወገን ነኝ። ለጸሎት ትዕግሥት የለኝም፤ መልሱ ይዘገያል። ዕቃ ሲፈታ ግን ቢያንስ አንድ ብሎን ይወድቃል፤ ብሎኑን ፍለጋ አልጋ ሥር ሲገባ ሲወጣ ከሰዓት በኋላው ያልፋል። የካርቱምን የአርብ ከሰዓት በኋላ ብቻውን ገፍቶ የማያውቅ ሰው ጊዜ ምን ያህል እንደሚከብድ አያውቅም። ሱቁ ዝግ፣ መንገዱ ባዶ፣ ፀሐይቱ አናት ላይ እንደ ተቆጣ አከራይ ቆማ፣ አንድ ድመት እንኳ ሰላም የሚል የለም። ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት ስለነበረው ጊዜ ነው የማወራችሁ፤ ትልቁ ጠላታችን ሙቀት በነበረበት ዘመን።

ሥራዬን ላስተዋውቃችሁ። አል-ሳሃፋ በሚባል የካርቱም ሰፈር፣ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ፎቶ አነሳለሁ። ፎቶ ስላችሁ ሙሽራና አበባ እንዳይመጣባችሁ። የእኔ ፎቶ የወረቀት ፎቶ ነው፤ ለኢቃማ ማለትም ለመኖሪያ ፈቃድ፣ ለፓስፖርት፣ ለስደተኛ መታወቂያ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሦስተኛ አገር ለሚሄዱ። ግድግዳዬ ላይ ነጭ አንሶላ ተወጥሯል። ደንበኛው በርጩማው ላይ ይቀመጣል። "አትሳቅ። ጆሮህ ይታይ። አገጭህን ዝቅ" እላለሁ፤ ቀጭ ይላል፤ ይሄዳል። ከሱቄ ብቻ ሳይሆን ከአገሩም ይሄዳል። በዚህ ከተማ ያለ ሐበሻ ሁሉ ከመሄዱ በፊት የእኔ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። የአንዳንዱን ሰው ጆሮ ከሚስቱ ይበልጥ አውቀዋለሁ።

"አንተ ፎቶ አንሺ አይደለህም፤ በረኛ ነህ" ብሎኛል አንዱ ወዳጄ።

በረኛ መሆኑስ ባልከፋ። በረኛ አልፎ አልፎ የሚገባ ሰውም ያያል።

ይህን ያለኝ ይልማ ነው። ይልማና እኔ በአንድ የጭነት መኪና፣ በአንድ ሸራ ሥር፣ በአንድ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጠን ድንበር የተሻገርን ሰዎች ነን። አገር ቤት የፊዚክስ አስተማሪ ነበር፤ ካርቱም ሲገባ ጄኔሬተር ጠጋኝ ሆነ። "ያው ፊዚክስ ነው" ይላል፣ "ልዩነቱ ይሄኛው ይጮሃል።" የሚኖረው ከከተማው ደቡብ፣ ካላክላ ነው። በየአርቡ በተጨናነቀች ሚኒባስ እንደ በርበሬ ተወቅጦ እኔ ዘንድ ይመጣል። እኔ ፉል አቀርባለሁ፣ እሱ ፉሉን ይተቻል፤ ከዚያ እኔ እቆጣለሁ፣ እሱ ይተኛል። ሲነቃ ሻይ ጠጥተን፣ ያለፈው አርብ ያወራነውን እንደገና አውርተን፣ ይሄዳል። ለማያውቅ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ለእኔ ግን ሳምንቱ የሚባለው ነገር የተንጠለጠለበት ምስማር እሱ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ይልማ ባልተለመደ ቀን፣ በሥራ ሰዓት፣ ሱቄ መጣ። በርጩማው ላይ ተቀመጠ። አገጩን ራሱ ዝቅ አደረገ። ጆሮው እንዲታይ ፀጉሩን ወደ ኋላ አለ።

"ምን ሆነሃል?" አልኩት።

"ኖርዌይ" አለኝ።

አነሳሁት። ደግሜ አነሳሁት። ፎቶዎቹን ቆርጬ በፖስታ ስሰጠው ከበርጩማው አልተነሳም።

"አሁን ደግሞ የሰው ፎቶ አንሳኝ" አለኝ።

"ይሄ የፍየል ነው እንዴ?"

"ልስቅበት የምችለውን ማለቴ ነው። ለማንም ቢሮ የማይገባ። በነዚያ አሮጌ ካሜራዎችህ፣ በፊልም። የስልክ ፎቶ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። የመጨረሻው አርብ እመጣለሁ፤ ያን ቀን ታነሳኛለህ።"

"ሺህ ጊዜ" አልኩት። ሺህ ጊዜ ያልኩት ሰውዬ የነበረኝ ፊልም አንድ ጥቅል ብቻ ነበር። እሱም ጊዜው ያለፈበት፣ በአከራዬ በሃጃ ሱዓድ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከባሚያና ከዓሣ ጎን ለዓመታት የኖረ። ካርቱም ውስጥ ፊልም መፈለግ በረዶ ከመፈለግ አይተናነስም።

ካሜራዎቹ ሁለት ናቸው። አንዷ ጀርመን፣ አንዷ ጃፓን። ሁለቱም በሌንሱ ውስጥ ሳይሆን ከሌንሱ በላይ፣ ወደ ጎን ባለች ትንሽ መስኮት የሚታይባቸው ዓይነት ናቸው። በመስኮቷ ስታዩ ነጣ ያለ መስመር አራት ማዕዘን ሠርቶ አየር ላይ ተንሳፍፎ ይታያችኋል። መስመሩ "ከዚህ እስከዚህ ያለው ፎቶው ውስጥ ይገባል፣ ውጭ ያለው ይቀራል" ይላችኋል። የሚላችሁ እንግዲህ እሱ ነው። እውነቱን የሚያውቀው ሌንሱ ነው። መስኮቷና ሌንሱ በጣት ስፋት ተለያይተው የተቀመጡ ናቸውና ሩቅ ያለ ነገር ላይ ይስማማሉ፤ ቅርብ ሲሆን ይጣላሉ። እንደ ዘመድ ማለት ነው።

የጀርመኗ መስመር ፍንክች አይልም። ቅርብ ለሚቆም ሰው ላይኛው ጠርዝ ላይ ሁለት ትንንሽ ጭረት አላት፤ "ከዚህ በላይ አደራ" እንደ ማለት። ደግሞ በማሳየት ቆጣቢ ናት፤ ከምታሳያችሁ በላይ ትወስዳለች። አንዱን ሽማግሌ ብቻቸውን አነሳሁ ብዬ ፎቶው ሲታጠብ ከጎናቸው የማላውቀው ሰውዬ አፍንጫውን ሲጎረጉር አገኘሁት። የጃፓኗ መስመር ደግሞ ሰውዬው ሲቀርብ በራሱ ጊዜ በሰያፍ ወረድ ይላል፤ እጅግ ብልህ ነገር ነው። ብልህነቱ ግን አንድ የሰዓት ሠሪ ከፍቶ ካጸዳት በኋላ ተናግቷል መሰለኝ፣ አንድ የክርስትና በዓል አንስቼባት ካህኑ፣ እናትየውና ክርስትና አባትየው በሙሉ ያለ ራስ ወጡ። ሕፃኑ ብቻ ሙሉ ነበር፤ ዝቅ ብሎ ስለተያዘ። የሕፃኑ አባት እስከ ዛሬ በመንገድ ሲያየኝ አንገቱን ይዳብሳል።

እንግዲህ ፍረዱ። ፊልሙ አንድ፣ ወዳጁ አንድ፣ አርቡ አንድ። የትኛዋን ላምን? ለመለካት ወሰንኩ።

መለኪያው ይኼ ነው። የካሜራውን ጀርባ ትከፍታላችሁ። ፊልሙ የሚተኛበት ቦታ ላይ በዘይት የራሰ ስስ ወረቀት ትለጥፋላችሁ። ሌንሱ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ መዝጊያውን ትቆልፋላችሁ። ጥቁር ብርድ ልብስ ተከናንባችሁ ወረቀቱን ስታዩ ዓለም በሙሉ ተገልብጦ፣ ሰው በአናቱ ቆሞ፣ ወረቀቱ ላይ ይታያል። እውነቱ ያ ነው። ከዚያ በመስኮቷ ታዩና መስመሩ ከእውነቱ ምን ያህል እንደሚዋሽ ታመዛዝናላችሁ። ቀላል ነው። የሚጎድለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፊት ለፊት የሚቆም ሰው።

ከቀጠሮው በፊት በነበረው አርብ ይልማ አልመጣም። የሕክምና ምርመራ፣ የሻንጣ ግዢ፣ የመሰናበት ዙር ነበረበት። ስልኬን አነሳሁና ማንን ልጥራ ብዬ ስሞቹን ወደ ታች ገፋሁ። ተስፋዬ፤ ቶሮንቶ። አልማዝና ባሏ፤ ሜልበርን። ዶክተሩ፤ ስዊድን። መላኩ ካርቱም ነው፣ ግን መቃብር ነው። የሁሉንም ጆሮ አውቃለሁ። ካርቱም ውስጥ በሕይወት ያለና ስልኬ ውስጥ የሚገኝ ሰው ጋዝ የሚያመጣልኝ ሰውዬ ብቻ ሆነ። ደወልኩለት። "ጋዝ አለቀ?" አለኝ። "አላለቀም፤ መጥተህ ትንሽ ቆመህ ብትሄድ ብዬ ነው" አልኩት። ዘጋብኝ። አልፈረድኩበትም።

ስለዚህ ሰው ሠራሁ። ረጅሙን መጥረጊያ ግቢው ውስጥ፣ እነሱ ሆሽ በሚሉት፣ አሸዋ በሞላ ባልዲ ተከልኩት። በመስቀያ ጀለቢያዬን አለበስኩት። ራስ ያስፈልገዋል፤ መስመሩ የሚጣላው ከራስ ጋር ነዋ። ከገበያ ያመጣሁትን ሐብሐብ መጥረጊያው ጫፍ ላይ ሰካሁና በነጭ ሻሽ እንደ ዒማ፣ እንደ ሱዳኖች ጥምጥም፣ ጠመጠምኩለት። ራቅ ብዬ ሳየው፣ ምን ልበላችሁ፣ ከእኔ ይሻላል። ግርማ ሞገስ አለው። ከሰሜን የመጣ የተምር ነጋዴ ይመስላል።

ካሜራዋን ትሪፖድ ላይ አድርጌ ብርድ ልብሱን ተከናነብኩ። በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ መከናነብ ለጠላትም አይታዘዝም። ላቤ ወረቀቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ግንባሬን ጠርጌ አየሁ፤ ሰውዬው በዒማው ቆሞ ወረቀቱ ላይ ቁልጭ ብሏል። ልክ "አሁን መስመሩን…" ስል ከወረቀቱ ጠርዝ አንድ ሌላ ሰው ተገልብጦ ገባ። በአናቱ እየተራመደ። ቢጫ ቶብ፣ የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ረጅም ጨርቅ፣ የለበሰ።

ሃጃ ሱዓድ ነበሩ።

ሃጃ ግቢውን ከእኔ ጋር የሚጋሩ ባልቴት ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው የባሕረ ሰላጤ አገሮች ናቸው። ዓይናቸው ሞራ ስለጋረደው ጥላና ቀለም ይለያሉ እንጂ መልክ አይለዩም። ሰላምታቸው ግን የታወቀ ነው፤ አንድ ሚኒባስ ከአል-ሳሃፋ መሀል ከተማ እስኪደርስ ድረስ ሰላም ሊሉ ይችላሉ። እንግዳዬ ፊት ቆሙና ጀመሩ።

"አሰላሙ ዐለይኩም! ኬፍ? ኩሉ ተማም? ቤተሰብ ደኅና? መንገዱ እንዴት ነበር? ጤናስ? ኢንሻአላህ ተማም?"

እንግዳው ዝም።

"አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ" አሉ ሃጃ ለራሳቸው መልስ እየሰጡ። ከዚያ ወደ ብርድ ልብሱ ዞረው፣ "ያ ኡስታዝ! እንግዳ መጥቶልህ አትነግረኝም?"

እዚህ ላይ ሰው የሆነ ሰው ብርድ ልብሱን ገልጦ "ሃጃ፣ ሐብሐብ ነው" ይላል። እኔ ግን ድምፃቸውን ሰማሁት። ደስ ብሏቸዋል። እንደዚያ ደስ ብሏቸው ሰምቼ አላውቅም። ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኜ "አይዋ፣ ሃጃ" አልኩ።

አዎ ማለት ነው፤ በዚች "አይዋ" ነው የጠፋሁት።

ጥቂት ቆይታ ዘይነባ ትልቅ ትሪ ይዛ መጣች። ዘይነባ ከወሎ መጥታ ሃጃ ቤት የምትሠራ ሴት ናት፤ ሳቋን መያዝ ከማትችልባቸው ነገሮች ሁሉ የባሰው እኔ ነኝ። ትሪው ላይ ፉል፣ አይብ፣ ሰላጣ፣ ትኩስ ዳቦ፣ ናዕናዕ ቅጠል የገባበት ሻይ አለ። እንግዳውን አንድ ጊዜ አየችው።

"ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ ሐብሐብ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ሃጃ ለዴፉ፣ ለእንግዳው ብለው ከራሳቸው ቁርስ ቀንሰው ነው የላኩት!"

"አውቃለሁ፣ ዘይነባ። ምን ላድርግ?"

"ኧረ ምን አውቄ! ወላሂ ትሪው ሙሉ ከተመለሰ ይቀየማሉ። እንግዳ ምግባቸውን ንቆ አያውቅም።"

ስለዚህ እንግዳው እንዳይቀየም እኔና ዘይነባ ተቀምጠን በላንለት። እውነት ለመናገር፣ ከሰው ጋር ሳልበላ ከርሜ ነበርና ብዙ በላሁ። ዘይነባ ባዶውን ትሪ ይዛ ሄደችና ተመልሳ መጣች።

"'በላ ወይ?' አሉኝ። 'ኧረ ጥርግ አድርጎ' አልኳቸው። በደስታ ሊበሩ ነው። ስሙን ጠየቁኝ።"

"ምን አልሽ?"

"በጢኽ ልል ነበር፤ ያው ሐብሐብ ማለት ነው። ግን አፌን ያዝኩና 'ዝምተኛ ነው' አልኳቸው።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማቆም አልተቻለም። የከርከዴ ጭማቂ መጣ፤ ጠጣንለት። ተምር መጣ፤ በላንለት። ሽቶ መጣ፤ ተቀባንለት። ትራስ መጣ፣ "ቁጭ ይበል እንጂ ምን ያቆመዋል?" ከሚል መልእክት ጋር። እኔ በየመሀሉ ብርድ ልብሴን እየተከናነብኩ መስመር እለካለሁ። የጀርመኗን ጨርሼ ወደ ጃፓኗ ስሻገር ሆዴ ስለተነፋ ማጎንበስ አቃተኝ።

እንግዲህ ሃጃ ከበረንዳቸው ሆነው ሲያዩ፣ ነጭ ለብሶ ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ሳይቀመጥ፣ ሳይናገር፣ ጥላ ሳይፈልግ የዋለ ሰው ያያሉ። እናት ናቸው፤ ያሰቡት ሌላ ነገር አይደለም። ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኜ የሰማሁት ጩኸታቸውን ነው።

"ሰውዬውን ፀሐይ መታው! ያ ዘይነባ፣ ውኃ!"

ወረቀቱ ላይ ቢጫው ቶብ ተገልብጦ ሲሮጥ አየሁ። "ሃጃ፣ ቆይ!" ብዬ ስነሳ ብርድ ልብሱ እግሬ ላይ ተጠመጠመ። ሃጃ አንድ ማሰሮ ውኃ በሙሉ ኃይላቸው እንግዳው አናት ላይ ለቀቁት። አናቱ ተነቃነቀ። ዘንበል አለ። ወደቀ። ሲሚንቶው ላይ ተፈረከሰ፤ ቀዩ ወለል አለ።

ሃጃ የጮኹትን ጩኸት አርካዊት ሰፈር ድረስ ሳይሰሙት አልቀሩም።

የግቢው በር በቡጢ ተደበደበ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ገባ። አንዱ ዱላ ይዟል፣ አንዱ የሳሙና አረፋ ፊቱ ላይ እንዳለ ነው፣ አንዷ ገና ከመግባቷ ለቅሶ ጀምራለች። ያዩት እንግዲህ ይኼን ነው፦ ራስ የሌለው ሰው በባልዲ ተተክሎ ቆሟል፤ ከሥሩ ቀይ ነገር ፈሷል፤ ከጎኑ አንድ ሐበሺ በጥቁር ብርድ ልብስ ተጠላልፎ መሬት ላይ ይፈራገጣል። ዘይነባ ልታስረዳ ትችል ነበር፤ ግን ግድግዳውን ተደግፋ፣ ሆዷን ይዛ፣ በሳቅ ድምፅዋ ጠፍቷል። ከሩቅ ለሚያይ እሷም የምታለቅስ ትመስላለች።

ያዳነኝ የሃጃ አፍንጫ ነው። ጎንበስ አሉ። አሸተቱ። በጣታቸው ነክተው ቀመሱ።

"ቁርሱን ማን በላው?" አሉ።

"እኔና ዘይነባ" አልኩ፣ ከመሬት።

ሃጃ ቀና አሉና ለሕዝቡ፣ "ምንም የለም፤ ሐብሐብ ወድቆ ነው" አሉ። ከዚያ ደግሞ ሱዳናዊ አይደሉም? የመጣውን ሰው ባዶ እጁን አልመለሱትም። ካልቆሸሸው ወገን እየቆረጡ አደሉት። ዱላ የያዘው ሰውዬ ዱላውን ብብቱ ሥር አድርጎ፣ ፍሬውን እየተፋ፣ "ጣፋጭ ነው፤ የት ገዛኸው?" ብሎ ጠየቀኝ።

ሁሉም ከሄደ በኋላ ሃጃ የገመድ አልጋቸው ላይ ተቀመጡ። ይቆጡኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። አልተቆጡም። ቶባቸውን ትከሻቸው ላይ እያስተካከሉ፣

"ደስ ብሎኝ ነበር" አሉ። "በዚህ በር፣ ከዚያ ከካላክላው ሰውዬ በቀር፣ ሰው ሲገባልህ አይቼ አላውቅም። እሱም ሊሄድ ነው አልከኝ። ዛሬ ጠዋት ነጭ ለብሶ ቆሞ ሳየው፣ 'አላህ ለሐበሺው አንድ ሰው ላከለት' አልኩ።"

የተፈረከሰውን ልጠርግ ሄድኩ። መጥረጊያው ግን ጀለቢያ ለብሶ ቆሟል፤ መጀመሪያ እሱን ማውለቅ ነበረብኝ።

"ለመሆኑ ለምንድን ነው የሠራኸው?"

ነገርኳቸው። መስመሩን፣ ሌንሱን፣ የክርስትናውን በዓል፣ ይልማን። ነገሩ ምን ያህል እንደገባቸው አላውቅም።

"ሰው እንዲቆምልህ ነው?"

"አዎ።"

"እና እኔ ሰው አይደለሁም?"

ተነሡና ገቡ። ሲወጡ ቢጫው ቶብ ቀርቶ ለዒድ የሚለብሱትን ወይን ጠጅ ቶብ ለብሰዋል። ባልዲው የነበረበት ቦታ ላይ ሄደው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ እንደ ወታደር ቆሙ። ዘይነባ ጃንጥላ ያዘችላቸው። ቆይተውም፣ "ይኸው ቆምኩ፤ ስንት ዓመት ግድግዳህን ተደግፌ ስኖር አንድ ቀን ነይ ተቀመጪ አላልከኝም" አሉ። እኔም ብርድ ልብሱ ሥር ሆኜ ለካሁ። ላቤ ከምን እንደሚመጣ እስኪጠፋኝ ድረስ ለካሁ።

ውጤቱን ልንገራችሁ፤ ይህን ያህል ከለፋሁ በኋላ ብደብቀው ግፍ ነው። የጃፓኗ መስመር እውነትም ተናግቷል፤ ከሌንሱ በላይ ከፍ ብሎ ያሳያል። ራስ የሚቆርጠው እሱ ነው። የጀርመኗ፣ ሰውዬው ከአንድ የአልጋ ቁመት ራቅ ብሎ ከቆመ፣ በሁለቱ ጭረት ሥር ካስገቡት፣ ንቅንቅ የለም። ከዚያ ከቀረበ ግን አልተጠያየቅንም። ስለዚህ ጀርመኗ። የሚጠበቀው ይልማ ራቅ ብሎ እንዲቆም ብቻ ነበር።

በቀጣዩ ረቡዕ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ግቢው በር ላይ የመኪና ጥሩንባ ተነፋ። ወጣሁ። አንዲት አምጃድ ታክሲ ቆማለች፤ ጣሪያዋ ላይ አዲስ ሻንጣ ታስሯል። ይልማ በዚያ ሙቀት ወፍራም የክረምት ካፖርት ለብሶ ወረደ። ሻንጣ ውስጥ አልገባለት ብሎ ነው።

"በረራውን አስቀደሙት" አለኝ። "ዛሬ ነው። ጠዋት ነው የደወሉልኝ።"

"አርብ አላልክም?"

"እኔማ አርብ ብዬ ነበር።"

ሹፌሩ "ያላ!" ብሎ አጣደፈን።

ሮጥኩ። ፊልሙ ሃጃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው፤ ሃጃ ተኝተዋል፤ ዘይነባ ከባሚያው ሥር ቆፍራ አወጣችልኝ። ፊልሙ ሙቀቱን ሲያገኝ እንደ እኔ አላበው። በጀለቢያዬ ጠርጌ ጎረስኩት ልበላችሁ፣ ለካሜራዋ አጎረስኳት። ሹፌሩ "ያላ፣ ያ ዐም፣ ያላ!" ይላል።

"እዚያ ጋ ቁም" አልኩት ይልማን፣ "ከግድግዳው አጠገብ።"

ቆመ። ካሜራዋን ወደ ዓይኔ ሳስጠጋ አንድ እርምጃ ወደ እኔ መጣ።

"ራቅ በል።"

"እሺ" አለና ራቀ። እንደገና ሳይ ቀርቧል። በካፖርቱ ውስጥ ላቡ በጉንጩ እየወረደ ነው።

"ይልማ፣ ራቅ በልልኝ! ከቀረብክ ይበላሻል!"

"ከጎንደር ጀምሮ አብረን መጥተን፣ ዛሬ ነው ራቅ በል የምትለኝ?"

"ለፎቶው ነው!"

"ገባኝ፣ ገባኝ" እያለ አሁንም መጣ። ላስቆመው አልቻልኩም፤ እሱም መቆም አልቻለም። በመስኮቷ ሳየው ጭረቱን አልፎ፣ መስመሩን አልፎ፣ እየገዘፈ፣ ሊስቅ ነው ሊያለቅስ ያልለየለት ፊት ይዞ መጣ። ጣቴ ቁልፉን ተጫነ። ወዲያው ካፖርቱ ፊቴ ላይ ነበር። የናፍታና የአዲስ ሱፍ ሽታ ነበረው።

ብዙ አልቆየንም። ሹፌሩ ወርዶ በትሕትና ክንዱን ያዘው። አምጃዷ አቧራውን አስነስታ ታጠፈች። እኔ ካሜራዋን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ በዚያ ሁሉ ልኬት አንድ ጊዜ ብቻ ቀጭ ያልኩ ሰውዬ፣ መንገዱ መሀል ቆሜ ቀረሁ።

የቀረውን ፊልም ሃጃንና ዘይነባን አንስቼ ጨረስኩት። በመታጠቢያ ቤቴ ባልዲ ውስጥ አጠብኩት። ሃጃ ሳያንሱ ሳይበዙ፣ ከቶባቸው ጫፍ እስከ ጫማቸው፣ መስመሩ እንዳለው ቁልጭ ብለው ወጡ። ፎቶውን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው፣ "ይቺ አሮጊት ማን ናት?" ብለው ጠየቁና፣ ሳልመልስላቸው ሰፊ ክፈፍ ገዝተው ሰቀሉት።

የይልማ ፎቶ ከሁሉ ፊት ያለው ነበር። አንድ ጆሮ፣ የካፖርት ኮሌታ፣ የተዘረጋ እጅ፤ የቀረው ጭጋግ ነው። ለብዙ ቀን ልልክለት አፈርኩ። በመጨረሻ በስልክ አንስቼ ላክሁለት፤ "ይቅርታ፣ ተንቀሳቀስክብኝ" ብዬ።

አርብ ከሰዓት በኋላ ደወለ። መልኩ አይታይም፤ ድምፁ ግን ከጎኔ ያለ ያህል ጥርት ብሏል።

"ፎቶውን በትልቁ አሳትሜ ግድግዳዬ ላይ ለጠፍኩት" አለኝ።

"ምንህ ይታያል ብለህ?"

"ወዴት እየሄድኩ እንደነበር ይታያል።"

ከዚያ ስለ አዲሱ አገሩ አወራኝ። ከፎቁ ሥር የሚኖረውን ሰውዬ ደረጃ ላይ አግኝቶ ስለ ጤናው፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ መንገዱ ሲጠይቀው ሰውዬው ቁልፉን ጥሎ እንደሮጠ ነገረኝ። ሳቅን።

"ምን ይሰማል አንተ ጋ?" አልኩት።

"ምንም። እዚህ ምንም አይሰማም። በረዶው ድምፅ ይበላል።" ከዚያም፣ "እስቲ ስልኩን በመስኮት አውጣው" አለኝ።

መስኮቱን ከፍቼ እጄን ወደ መንገዱ ዘረጋሁ። አንዲት ረክሻ፣ የእኛ ባጃጅ፣ እየተንተፈተፈች አለፈች። ውኃ ሻጩ የአህያ ጋሪውን በርሜል በብረት እየመታ መጣ። ማዶ ያለችው ሴት ልጇን በስሙ ጠራችው፤ ልጁ አልመጣም፤ እንደገና ጠራችው። ክንዴ እስኪዝል ይዤ ቆየሁ። ኔትወርኩ ቆርጦት ይሆናል ብዬ ስልኩን ወደ ጆሮዬ መለስኩት።

"አለህ?" አልኩ።

"አለሁ" አለ። "ትንሽ ጨምርልኝ።"

እጄን መልሼ አወጣሁት።